እርጥብ ዋንዛ

ዛሬ ልጄ የእንጨት ገበቴዬን አጥባ ፀሐይ ላይ ብታስቀምጠው ጮኽኩባት። የእርጥብ ዋንዛው ሽታ ግን ወደ ልጅነቴ ከተማ ወደ መካነ ሰላም መለሰኝ፤ አባዬ በእግሩ እየዘወረ እንጨት ከሚቀርጽበት ቶርኖ አጠገብ።

ዘመኑ ደርግ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ለአብዮት በዓል ገበቴ አዘዘ። አባዬ ከአንድ ግንድ ሁለት አወጣ። «ወላሂ ጓድ፣ እርጥብ ነው፤ ጭድ ውስጥ ካልከረመ ይሰነጠቃል» ቢለው አልሰማም። ሊቀመንበሩ አንዱን ነጥቆ በበዓሉ ቀን ፀሐይ ላይ ሲያስጎበኝ ዋለ። ገበቴው ለሁለት ተሰነጠቀ። «አሻጥር ነው!» ብሎ አባዬን አሳሰረው።

ሲወስዱት እማዬን «ሁለተኛውን ከጭድ እንዳታወጪው» አላት። እጁ ታስሮ ለእንጨት መጨነቁ ያኔ አልገባኝም።

አባዬ አልተመለሰም። ከዚያው ግንድ የወጣው ሁለተኛው ገበቴ ግን ይኸው፣ ዛሬ ልጄ ያጠበችው ነው፤ የፀጉር ያህል ስንጥቅ የለበትም። እስኪ ይምጡና አሻጥሩን ያሳዩኝ!