ያለቀሰው ሬሳ

ልጅ እያለሁ ሬሳ ሆኜ መተኛት እንኳ ያቃተኝ ጅል ነበርኩ። አትሳቁ፣ የምሬን ነው። መርሳ ከተማ ስድስተኛ ክፍል ሳለን የአማርኛ መምህራችን በትምህርት ቤቱ ድራማ ላይ ታሞ የሚሞተውን ወንድም አደረጉኝ። ችሎታዬን አይተው እንዳይመስላችሁ። የሰጡኝን ሁለት መስመር ቃል ሁለቱንም ስለረሳሁ «በቃ፣ አንተ ዝም ብለህ ሙት» አሉኝ።

የምታለቅስልኝ እህቴ ደግሞ ዘምዘም ነበረች፤ ዛሬ ቲያትርም ፊልምም ላይ የምታዩዋት፣ ዘፈኗ ከየባጃጁ የሚሰማው ዘምዘም። ያኔ የእህል ነጋዴው የሐጂ ይማም ልጅ፣ የእኔም የዴስክ ጓደኛ ነበረች። ሐጂ ነገሩ አልጣማቸውም። «አንዴ መጥቼ አያለሁ። ልጄ የሰው መሳቂያ ከሆነች ግን ሁለተኛ መድረክ አትወጣም» ብለው ቁርጡን ነግረዋት ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ክፍሉ በሰው ታጭቆ ጠመኔና ማንጎ ይሸታል። እኔ ናፍታሊን ናፍታሊን በሚለው የመምህራችን ጋቢ ተሸፍኜ ሞቻለሁ። በልምምድ ጊዜ ዘምዘም የለቅሶዋን ቃል እንዲሁ ያለ ዜማ ነበር የምትለው። የዚያን ቀን ግን ምን እንደነካት እንጃ፣ በአምባሰል ዜማ አወረደችው። መጀመሪያ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ ትከሻዬ ተንቀጠቀጠ። በመጨረሻ አፍንጫዬን ሳብ ሳደርግ ከፊት የተቀመጠ አንዱ ጎረምሳ «ኧረ ሬሳው እያለቀሰ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በጋቢው ቀዳዳ ሳይ ሐጂ ከዘራቸውን አንስተው ቆመዋል። አለቀላት፣ ገደልኳት አልኩ፤ የሞትኩት እኔ ሆኜ! ዘምዘም ግን አልደነገጠችም። እጇን ግንባሬ ላይ አድርጋ፣ ሳቁ ትንሽ እስኪበርድ ጠብቃ፣ ከየት እንዳመጣችው ሳይታወቅ ቀጠለች፦

እንኳንስ የቀረሁ እኔ ምስኪን እህቱ፣
እሱም አለቀሰ ወንድሜ በሞቱ።

ሳቁ ቀጥ አለ። እናቶች የሻሻቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ሐጂም ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሲወጡ ለመምህራችን «ወላሂ፣ ሬሳ ካስለቀሰች እኛን በቁማችን ያለነውንማ ምን ልታደርገን ነው!» አሏቸው። ከዚያ ወዲያ ለኪነት ልምምድ ወልድያ ድረስ ይዘዋት የሚሄዱት ራሳቸው ሆኑ።

እኔ «ሬሳው» የሚለውን ስም ይዤ ቀረሁ። እሷ የወልድያ ኪነት ቡድን ገባች፣ ከዚያ አዲስ አበባ መድረክ፣ ከዚያ ፊልም፣ ከዚያ ዘፈን። አንዴ ከደሴ ስመጣ አውቶቡሱ ውስጥ ፊልሟን ከፈቱት። ውርጌሳ እስክንደርስ አላስቻለኝም፤ «ከእሷ ጋር ተውኛለሁ እኮ!» ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ረዳቱ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ምን ሆነህ?» አለኝ። «ሞቼ» አልኩት። መኪናው ሙሉ ሳቀብኝ፤ እኔ ግን ኩራቴ አልቀነሰም።

በቅርቡ ወልድያ መጥታ ነበር። ያኔ ሰው ዴስክ ላይ ተደራርቦ ነበር ያያት፤ ዛሬ አዳራሹ ሞልቶ ሰው በር ላይ ይጋፋል። ያኔ አንድ ሰፈር ነበር ስሟን የሚያውቀው፤ ዛሬ እኔ ሳልነግራቸው ልጆቼ ያውቋታል። ያልተለወጥኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ አምባሰሉን ስትጀምር ይኸው ፀጉሬ ሸብቶ አፍንጫዬን መሳብ ጀመርኩ። ሲያልቅ ሰውን እየገፋፋች መጥታ ትከሻዬን መታ አደረገችኝ።

«አንተ ሬሳው፣ ከመድረክ ላይ ሰማሁህ እኮ!» አለችኝ። «ታውቃለህ፣ እስከ ዛሬ አዲስ ዘፈን ሲሰጡኝ መጀመሪያ ራሴን የምጠይቀው፣ ያ ሬሳ ይሄን ቢሰማ ያለቅስ ነበር ወይ ብዬ ነው።»