ስንዴዬን የነቀሉት የባዮሎጂ አስተማሪዬ

«ኧረ ጋሼ፣ እሱ ስንዴ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

አሰላ የክረምት ሥልጠና ላይ ያሉ መምህራን፣ ግብርናን በክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚያስተምሩ ከማሳ ለመማር ብለው ዛሬ ሳጉሬ ማሳዬ ድረስ መጡ። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል የቀረሁት እኔ ነኝ እንግዲህ የማስረዳቸው!

ድሮ ባዮሎጂ ያስተማሩኝ ጋሼም አሉበት። ሲናር የሚባለውን አረም ነቀልኩ ብለው እፍኝ ሙሉ ስንዴዬን ይዘዋል። (ጎረቤት ቢሆን አልምረውም ነበር።)

«ይዩት፣ ስንዴ ቅጠሉ ሥር አገዳውን የሚያቅፍ ትንሽ ጆሮ አለው። ሲናር የለውም።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። «መስከረም ላይ ተማሪዎቼን አመጣልሻለሁ። አንቺ ታስተምሪያቸዋለሽ» አሉኝ።

ሄደዋል። እኔ ግን እዚያው ቆሜያለሁ፤ ማሳው ላይ በወረደው ጉም ውስጥ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ይታዩኛል።

እናንተስ፣ አስተማሪያችሁን አስተምራችሁ ታውቃላችሁ? እስቲ አጫውቱኝ።