ጾመኛው የበረሃ አበባ

አንድን ተክል ከመውደዳችሁ የተነሳ ገድላችሁት ታውቃላችሁ? እኔ ቤት ሁለት ተክሎች እንዲህ ሞተዋል።

በደርግ ዘመን ነው፤ አስተማሪ ሆኜ ኮምቦልቻ ተመድቤ ነበር። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከባቲ በታች ካለው በረሃ የለመንኩትን የአንድ ቁጥቋጦ ሦስት ቁራጭ ግንድ አመጣልኝ። ቁጥቋጦው በአገሩ ሥሩ ላይ እንደ እንስራ ያብጣል፣ ቅጠሉ ጥቂት ነው፣ ሲያብብ ግን ደማቅ ሮዝ ይሆናል። ለተማሪዎቼ «የበረሃ ጽጌረዳ» አልኳቸው።

በዚያው ሰሞን ርዕሰ መምህሩ ጠሩኝ። ትምህርት ቤቶች ያበቀሉትን ደሴ ወስደው የሚያሳዩበት ቀን ብርዱ ካለፈ በኋላ እንዲሆን ተቆርጦ ነበር።

«ጓድ፣ ሌላው ሁሉ ጎመንና ካሮት ያቀርባል። አንተስ?»

«የበረሃ አበባ።»

«አበባ ይበላል እንዴ? ካላበበ ባዶ ጣሳ ይዘህ ትቆማለህ። እኔ አጠገብህ አልቆምም!»

የተቆረጠውን አፍ በጥላ አደረቅኩ፤ ቁስሉ ሳይደርቅ የተተከለ ግንድ ይበሰብሳልና። ከዚያ አሸዋና ጠጠር በሞላበት፣ ታቹ በተበሳ ጣሳ ተከልኳቸውና ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር ደረደርኳቸው። ሁሉን በሥርዓቱ አድርጌ ሳበቃ ሁለቱ ግንዶች እንደበሰለ ሙዝ ለሰለሱና ወደቁ።

ምክንያቱን ያገኘሁት አንድ ማለዳ ነው። አከራዬ፣ ደግ አሮጊት፣ ለሶላት ታጥበው ውዱእ አድርገው ሲያበቁ የተረፈውን ውሃ ጣሳዬ ላይ አንቆረቆሩት። ለካ በየሶላቱ እንዲሁ ያደርጉ ኖሯል!

«እማማ፣ እባክዎ ውሃ አያጠጡት።»

«አንተ ልጅ! ነፍስ ያለው ነገር ደጄ ላይ በጥም ይሙት? ተክል ማጠጣት አጅር አለው፣ አላህ ዘንድ ይጻፋል!»

«የሚያኖረው ጥሙ ነው። ዝናብ ሲያገኝ ግንዱ ውስጥ ያጠራቅማል፤ ያንን እየቆጠበ ይከርማል። ሁልጊዜ ከጠጣ ሥሩ ይበሰብሳል።»

ጣሳውን ትክ ብለው አዩት። «ታዲያ ጾመኛ ነው አትለኝም! ማፍጠሪያው መቼ ነው?»

«አሸዋው እስከ ታች ሲደርቅ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የውዱኡን ውሃ ግቢው ውስጥ ላለው ፓፓያ አደረጉት። ጎረቤታቸው የእጅ እጣቢ ጣሳው ላይ ልትደፋ ስትል ከውስጥ ጮኹባት፦ «ተይ አንቺ! ጾሙን ልታስፈቺው ነው?»

ብርዱ ሲገባ የተረፈው አንድ ግንድ ቅጠሉ ረገፈ። ርዕሰ መምህሩ ሊያዩት መጥተው «ጓድ፣ ይህማ ማገዶ ነው» ብለው ሄዱ። ሌላ ግንድ የለኝም፣ ሾፌሩም ጠፍቷል። ቢሆንም ውሃውን ጨርሼ ከለከልኩት። ሙቀቱ ሲመለስ ጫፉ ላይ ጥቃቅን እንቡጦች አየሁ። አንድ ጠዋት ደግሞ አከራዬ በሬን ደበደቡ፦

«ውጣ! አላህ ሲሰጥ በደረቅ እንጨት ላይም ይሰጣል፤ ውጣና እይ!»

አብቦ ነበር። እንዴት ያለ አበባ መሰላችሁ!

ጣሳውን ጭኔ ላይ አድርጌ በአውቶቡስ ደሴ ወጣሁ። ረዳቱ «መምህር፣ ሙሽራ ይዘው ነው የሚወጡት?» ሲለኝ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ደሴ ስንደርስ ሕዝቡ ጎመኑን ትቶ እኔ ጠረጴዛ ላይ ሰፈረ፤ ጭጋግ አገር የበረሃ አበባ ማን አይቶ! አጠገቤ አልቆምም ያሉት ርዕሰ መምህር ከፊቴ ቆመው «እኛ ትምህርት ቤት እንዲህ ነው የምናሳድገው» እያሉ ያስረዱ ነበር። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ጥርሴን መክደን አቃተኝ።

እናንተም ሞክሩት። ደጋ ከሆናችሁ በብርድ ወራት ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡት። ወተት የሚመስለው ፈሳሹ መርዝ ነውና ከቆረጣችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ፣ ከፍየልም አርቁት። ውሃ ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን አሸዋው ውስጥ ክተቱ፤ እርጥበት ከነካችሁ እባካችሁ ታገሱ።