መርዶ በግሩፕ

እዚህ አሜሪካ ያለውን የሲልቨር ስፕሪንግ እድራችንን የስልክ ግሩፕ እስከ ዛሬ ሳልራገም አልከፍተውም።

ላንግሊ ፓርክ ውስጥ ከእኔ ፎቅ ሥር አንዲት እናት ይኖራሉ። ስልክ የገዛላቸው እዚሁ ቅርብ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው ልጃቸው ነው፤ ያስተማርኳቸው ግን እኔ ነኝ። «እማማ፣ የማያውቁት ሰው ሊንክ ከላከ እንዳይነኩት። ኮድ ቢጠይቅዎትም እንዳይሰጡ። ሰላም ላለዎት ደግሞ ይመልሱ፣ ዝም ማለት ነውር ነው።» ዓይናቸው ፊደል ስለማይለይ በድምፅ መላክ አሳየኋቸው። ወደዱት። በነጋ ቁጥር ግሩፑን መመረቅ ሆነ ሥራቸው።

ከዚያ ደሴ ያለው ታናሽ ወንድማቸው አረፈ። ልጃቸው ኮል አደረገኝና ተመካከርን፤ ቅዳሜ ማለዳ ቄሱና ሽማግሌዎቹ ቤታቸው ሄደው ሊያረዷቸው፣ እስከዚያ ሁሉም አፉን ሊይዝ። መርዶ የሚደግፍ ሰው አጠገብ ሆኖ፣ ተቀምጠው ነው የሚሰሙት። ይሄ ለሐበሻ ይነገራል?

ይነገራል ለካ! ዓርብ ከሥራ ስወጣ ግሩፑን ብከፍት የሟቹ ፎቶ ሻማ ተለጥፎበት ተሰቅሏል። ከሥሩ የሚያለቅስ ፊት በላይ በላዩ፣ ደግሞም «አር አይ ፒ»። ቱ! ነፍስ ይማር ማለት እንኳ ደክሟቸው! ለለጠፈው ሰውዬ ደወልኩለት።

«አጥፋው! እህትየው ግሩፑ ውስጥ አሉ እኮ!»

«ውይ፣ እሳቸው ስልክ ይከፍታሉ እንዴ? እኔ እኮ ሰው እንዳይቀድመኝ ብዬ ነው።»

እንዳይቀድመው! በሰው ሬሳ ሽቅድምድም።

እሱ እስኪያጠፋ የእማማ ድምፅ መጣ። ሻማውን አይተው፣ እንደ ልጅ ልጆቻቸው ልደት የወንድማቸው የልደት ቀን መስሏቸዋል። «ወንድሜን ስላሰባችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። የማቱሳላን ዕድሜ ይስጠው፣ የከርሞ ሰው ይበለው» ይላሉ፣ በደስታ እየሳቁ። አንዱ ባለጌ የሚስቅ ፊት ለጠፈበት። ማን እንደሆነ አይቻለሁ። እድር ላይ ሲጨብጠኝ እጄን በሶፍት እጠርጋለሁ፣ ይወቀው።

ቅዳሜን መጠበቅ ቀረ። ሽማግሌዎቹን ከየሥራቸው ጠራርተን አመሻሹ ላይ ሄድን። ልጃቸው ክንዳቸውን ያዘ፣ ቄሱ ነገሯቸው። እንዴት እንደሆኑ አላወራም።

አልቅሰው አልቅሰው ድምፃቸው ሲዘጋ እጄን ሳቡኝ። «ልጄ፣ ያቺን የመረቅኩባትን አጥፊልኝ። የወንድሜ ልጆች እንዳይሰሟት።»

ስልኩን ተቀብዬ አጠፋሁላቸው። «አልሰሙም እማማ» አልኩ።

ቀድሞ ግን፣ ልናረዳቸው ደረጃውን ስንወጣ፣ የሟቹ ትልቋ ልጅ ከደሴ ለእማማ ልጅ ደውላ ነበር። አንዱ የእማማን የምርቃት ድምፅ ፎርዋርድ አድርጎላታል። «አክስቴን በአባቴ ሞት ምን አሳቃቸው?» ነበር ያለችው።