ወደ ዱባይ ተራ የላክኋት ልጅ

ባለፈው ሳምንት ጋቢ ሊገዛ የመጣ አንድ ሰው ሱቄ ውስጥ ተቀምጦ፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ ስለ ወባ ሲያስተምረኝ ቆየ። ሬዲዮው ወባ በቆላው አገር እንደገና መነሳቱን፣ መድኃኒት እየለመደ ማስቸገሩን ያወራል። ሰውየው ሳቀ። «ጋሼ፣ መድኃኒቱ ምን ያድርግ? ሥራውን የሰጡት እኮ ጃንጥላ ይዘው ከቤት ቤት ለሚዞሩ የገጠር ልጃገረዶች ነው!» አለኝ። ጋቢውን ከእጁ ተቀብዬ አጣጠፍኩና ለእሱ የሚሸጥ ጋቢ እንደሌለኝ ነገርኩት። እንደ እሱ ያለ ሰው አፉን ሲከፍት ምን እንደሚል ቀድሜ አውቃለሁ፤ በሃያ ሁለት ዓመቴ እኔ ራሴ እሱን ነበርኩ፣ ያውም ከነስንጥሩ።

ይህ መርካቶ ሸማ ተራ ያለው ሱቄ ያኔ የአጎቴ ነበር፤ እኔ እሸጥለት ነበር። ፀጉሬን በቅባት አስተኝቼ በሩ ላይ እገተራለሁ። ከጎረቤት ሱቅ ልጆች ጋር አንድ ጨዋታ ነበረን፦ መንገድ የጠየቀንን የገጠር ሰው ወደማይገናኝ ተራ እንልከዋለን፤ እዚያ ያሉት ደግሞ ነገሩ ስለሚገባቸው ወደ ሌላ ተራ ያሻግሩታል። ሰውየው መርካቶን ዞሮ፣ ላብ አጥምቆት ሲመለስ በሳቅ እንፈርሳለን። አራድነት ይመስለን ነበር። የገዛ አባቴ ከጎጃም መጥቶ ጆንያ እየተሸከመ እንዳሳደገኝ እንኳ ትዝ አይለኝም ነበር።

ከሱቃችን ጀርባ ባለችው ጠባብ መተላለፊያ የተሸካሚዎች ክፍል ነበረች። ሦስት የአንድ አገር ልጆች ይኖሩባታል። አንደኛው ይበልጣል ይባላል፤ የእኛን ዕቃ የሚያወርድልን እሱ ነበር። በዚያ ዓመት ሦስቱም ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወረዱ። ይበልጣል በመልሱ እናቱ ቤት ጎራ እንዳለ ትኩሳት ጣለው። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጣቱን ወግታ ወባ መሆኑን አየች። የድሮው ክኒን ወባውን መግደል ስላቃተው፣ በምትኩ የመጣውን አዲሱን የሦስት ቀን ክኒን ሰጠችው። በሁለተኛው ቀን ተሻለውና የቀረውን ኪሱ ከቶ ወደ መርካቶ መጣ።

የእነሱ ሕግ የታወቀ ነው፤ የተገኘ ሁሉ ለሦስት ይከፈላል። ዳቦውም፣ ፍራሹም፣ ሲጋራውም። ጓደኞቹ ማተኮስ ሲጀምራቸው የቀረችውን ክኒን ተካፈሏት። ደግነት ነው፤ ግን ለአንዳቸውም አልበቃም። ጥቂት ቆይቶ ሦስቱም ወደቁ። አንድ ክሊኒክ «ታይፎይድ ነው» ብሎ ሌላ መድኃኒት ሰጥቶ ሸኛቸው። ይበልጣል ሲያቃስት በግድግዳው በኩል እሰማው ነበር።

በጥቅምት፣ የሌሊቱ ብርድ ገና ሳይለቅ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ያቺ ክኒኑን የሰጠችው የጤና ኤክስቴንሽን ልጅ ሱቃችን በር ላይ ቆመች። የደንብ ልብሷ የመንገዱን አቧራ ጠጥቷል። በአንድ እጇ ትልቅ መዝገብ፣ በሌላው የይበልጣል እናት የላኩት በሶ ይዛለች። የልጆቹ መታመም አገር ቤት ሲሰማ ነው መድኃኒት ይዛ የተሳፈረችው።

«ወንድሜ፣ ይበልጣል የሚባል ተሸካሚ ታውቃለህ? ክኒኑን ሳይጨርስ ነው የመጣ።»

«ዶክተር ነሽ እንዴ?» አልኳት።

«ዶክተርስ አይደለሁም። ግን የተጀመረ ክኒን ካልተጨረሰ ወባው አይሞትም፤ መድኃኒቱን ይለምዳል እንጂ። ከዚያ ለሌላውም አይበጅ።»

የጎረቤት ሱቁ ልጅ መዝገቧን እያየ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለ። ሳቅን። እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ በታላቅ ትሕትና፣ «ይበልጣልማ ዱባይ ተራ ነው፤ እዚያ ጠይቂ» አልኳት። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ሄደች። የልጁ በር ከቆመችበት አሥር እርምጃ አይሞላም ነበር።

ዱባይ ተራ ያሉት ምን አለሽ ተራ ሰደዷት፤ ከዚያም ወደ ሌላ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ የተበጠሰ ጫማዋን በእጇ ይዛ ተመለሰች። በሩን ያሳየቻት ድንች የምትሸጥ ጎረቤታችን ናት። ተከትያት ገባሁ። ይበልጣል ራሱን ስቶ ነበር፤ ክኒኑን መዋጥ አልቻለም። በዕቃ ጋሪ አድርገን ሆስፒታል አደረስነው። ሐኪሙ «ጠዋት ብታመጡት ኖሮ» አለን። በማግስቱ ሞተ።

ሁለቱን ግን አልለቀቀቻቸውም። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ጠዋትና ማታ፣ ወተት እያጠጣች ክኒኑን ዓይኗ እያየ አስዋጠቻቸው። አፋቸውን አስከፍታ ምላሳቸው ሥር ሳይቀር ታይ ነበር። በመጨረሻም ድነው ቆሙ።

ለቅሶው ላይ አንድ የአገራቸው ሽማግሌ በሰው ፊት፣ «ልጄ፣ ዘገየሽ እኮ። ጠዋት ደርሰሽለት ቢሆን» አሏት። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ከዚያ አቀርቅራ፣ «አዎ አባቴ፤ ከተማው ጠፋብኝ» አለች። እኔ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ንፍሮ እየቆረጠምኩ ዝም አልኩ። በሕይወቴ ብዙ ወራዳ ሰው አይቻለሁ፤ የዚያን ቀኑን የሚያህል ግን አላጋጠመኝም።

ዛሬም ከይበልጣል አገር ነጠላ ሊገዙ የሚመጡ ሰዎች ስለ እሷ ያወሩኛል። እስካሁን እዚያው ናት። ክኒን ሳታስጨርስ ከሰው ቤት አትወጣም፤ ያ መድኃኒት የለመደ ወባ ከቀበሌያቸው የጠፋው በእሷ ነው ይላሉ። ቀጥለው ደግሞ «ያን የመርካቶውን ልጅ ግን ዘግይታ አስበላችው» ይላሉ። እኔም ነጠላውን እየጠቀለልኩ፣ እውነት ነው እንደሚል ሰው ራሴን እነቀንቃለሁ።

ትናንት አንዲት አሮጊት ይህንኑ ሲደግሙልኝ አላስቻለኝም። «አልዘገየችም እማማ። በጠዋት እዚህ በር ላይ ነበረች፤ ያሳሳትኳት እኔ ነኝ» አልኳቸው። የያዙትን ነጠላ ባንኮኒው ላይ መልሰው አስቀመጡ።

«ለእሷስ ይቅርታ ጠይቀሃታል?»

«አልጠየቅኋትም።»

«ታዲያ ለእኔ ምን ትለፈልፋለህ? ወደ አገራችን አውቶቡሱ እንደሆነ በየቀኑ አለ።»

ያን ያህል ንቀት በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም፤ የሚገባኝም ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን እንደ ወትሮዬ መጥቼ ሱቄን ከፈትኩ።