ከበሮ አልመታም፣ ማይክ ነው የማቆመው

የመጀመሪያ ቀን ኦይቪንድ ረጅም የማይክ ገመድ እጄ ላይ ጣለና «ጠቅልይው» አለኝ። ሰላምታው ይኸው ነበር። እኔም እማዬ የልብስ ማስጫ ገመድ እንደምታደርገው በክርኔና በመዳፌ መሃል አዙሬ አዙሬ፣ ጫፉን አስሬ መለስኩለት። ፈታውና ወለሉ ላይ ወረወረው። ገመዱ እንደ እባብ ተጥመለመለ።

«እንዲህ የተጠቀለለ ገመድ ውስጥ ውስጡን ይበጠሳል» አለ። «መበጠሱ የሚታወቀው ደግሞ ዘፋኙ ከሁሉ የተሻለውን ሲዘፍን ነው።»

ከዚያ አሳየኝ፦ አንዱን ዙር እንዳለ፣ ቀጣዩን ገልብጦ፣ እንደገና እንዳለ። እስከ ምሳ ገመድ ጠቀለልኩ። ከምሳ በኋላም ገመድ ጠቀለልኩ።

ኦይቪንድ የስቱዲዮው ባለቤትም ዋናው ድምፅ ቀራጭም ነው። ስቱዲዮው ኦስሎ መሃል፣ ወንዙ ዳር ባለ የድሮ ፋብሪካ ምድር ቤት ውስጥ ነው። እኔ ከከተማው ዳር፣ ከፉሩሴት ሰፈር በባቡር እመጣለሁ። ሁለተኛ ደረጃን በሚዲያ መስመር ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ አልሄድኩም፤ ወንበር ላይ መቀመጥ አይሆንልኝም። ረዳት አድርጎ ሲቀጥረኝ በፕሮቨቲድ ነው፤ የሙከራ ጊዜ ማለት ነው። ካልሆነልኝ የሚጠብቀኝን አውቀዋለሁ፦ እማዬ የምትሠራበት ሲኬየም፣ የአረጋውያን መጦሪያው። እሷ እዚያ እንድቀጠር ከአለቃዋ ጋር ተነጋግራ ጨርሳለች።

«ዛሬ ምን ሠራሽ?» ትለኛለች።

«ገመድ ጠቀለልኩ።»

«ትናንትስ?»

«ገመድ።»

«እኛ ጋ ብትመጪ እኮ ቢያንስ ሰው ነው በብርድ ልብስ የምትጠቀልይው።»

ሌላው ጭንቀቷ ኦይቪንድን «አንተ» ማለቴ ነበር።

«እማዬ፣ ኖርዌጅኛ ነው። ሁሉም ሰው አንተ ነው።»

«ይሁን። በልብሽ ግን እሳቸው በያቸው።»

የረዳት ሥራ ይኼ ነው፦ ሙዚቀኞቹ ሳይመጡ ማይኮቹን ማቆም፤ እያንዳንዱን ሄድፎን ራስሽ ጆሮ ላይ አድርገሽ መሞከር፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ማድረግ። ከዚያ ዝም ማለት። «ረዳት ጆሮ እንጂ አስተያየት የለውም» ይል ነበር ኦይቪንድ። ሌላውን ሁሉ ቶሎ ለመድኩ። ይኼኛው ግን አሳሩን አሳየኝ።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሲል ቱርዲስ መጣች። ቱርዲስ ከሰሜን፣ ከባሕር ዳር መንደር የመጣች ዘፋኝ ነች፤ ጊታር ይዛ የራሷን ዘፈን እየጻፈች ትዘፍናለች። በዚህ አልበም ግን ሁሉንም ነገር አንድ ድስት ውስጥ ልትከት ፈለገች፦ የጃዝ ትራምፔት፣ ትልቁ ቤዝ፣ ሲንት የሚባለው አሮጌ የኤሌክትሪክ ኪቦርድ፣ አያቷ ጀልባ ላይ ያዜሙት የነበረ መዝሙር፣ በዚያ ላይ ጊታሯ። «ጃዝ ነው» አለችን፣ «ለጃዝ ሰዎች ግን እንዳትነግሩብኝ።»

የኦይቪንድ አሠራር ሁሉንም መለያየት ነው። ድራመሩ ሚከል አንድ ጓዳ፣ ቤዚስቱ ሌላ ጓዳ፣ ትራምፔተኛው ከመስታወት ጀርባ፣ ቱርዲስ ብቻዋን። የሚደማመጡት በሄድፎን ነው። አንዱ ቢሳሳት የእሱን ብቻ ቆርጦ ማስተካከል ይቻላል። ንጹሕ አሠራር ነው፤ እኔም የተማርኩት በሱ ነው።

«ጀልባው» የምንለው ዘፈን ግን አልሆን አለ። ወደ መንደሯ መምጣት ስላቆመ የሕዝብ ማመላለሻ ጀልባ የሚናገር ዘፈን ነው። ደጋገሙት። በየጓዳው ሁሉም ትክክል ነበር። አንድ ላይ ሲሰማ ግን ከሩቅ አገር በስልክ የሚያወሩ ዘመዳሞች ይመስላል፦ ሀሎ፣ ይሰማሻል፣ እኔንም ይሰማኛል፣ ደህና ናችሁ፣ ደህና ነን። ማንም አልተሳሳተም፤ ማንም ምንም አላለም።

ምሳ ሰዓት ሁሉም ማትፓከውን አወጣ፤ ከቤት የተቋጠረ ዳቦ ነው፣ ቡናማ አይብ በላዩ። ሁዳዴ ስለነበር የኔ ዳቦ ውስጥ ምስር ነው ያለው። ቱርዲስ አየችው።

«አይብ አትበዪም?»

«ጾም ነው።»

«እምነትሽ ነው?»

«ያ» አልኩ፤ በኖርዌጅኛ አዎ ማለት ነው። «እናቴም አለችበት።»

«ከየት ነሽ?»

«ከፉሩሴት።»

«ከፉሩሴት በፊት?»

«ማዋለጃ ክፍል።»

ሚከል ቡናው ትን አለው። ቱርዲስም ሳቀች፤ ግን አልለቀቀችኝም። ወላጆቼ ከኢትዮጵያ መሆናቸውን ስትሰማ ዳቦዋን አስቀመጠች። የድሮ የኢትዮጵያ ጃዝ እንደምትወድ፣ ጀልባው የጎደለው ያ ምት እንደሆነ ተናገረች። «ከበሮ ትመቻለሽ አይደል?»

«ናይ፣ አልመታም።»

«ትንሽም?»

«ጭራሽ። ቤተ ክርስቲያን ከሰው ጋር አጨበጭባለሁ። ሁዳዴ ላይ እሱም የለም፤ ከበሮውም ጭብጨባውም እስከ ፋሲካ ዝም ነው።»

«እኔስ?» አለ ሚከል። «ድራመሩ እኔ መስዬኝ ነበር።»

ከምሳ በኋላ ኦይቪንድ ወደ ገመድ ማስቀመጫው ጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የነገረኝ። «ደንበኛ ነች። ደንበኛ ከጠየቀች እንሞክራለን። ፕሮቨቲድሽ ከዚህ አልበም ጋር ነው የሚያልቀው። ስላንቺ ጥሩ እንድትናገር እፈልጋለሁ።»

ለእማዬ ነገርኳት። እሷም እንደኔ የምትቆጣ መስሎኝ ነበር።

«ምን ቸገረሽ?» አለች። «ሁለቴ ድም ድም አድርጊና ሥራሽን ያዢ።»

«እማዬ፣ ሁዳዴ ነው!»

«የሚጾመው የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ነው። የፈረንጁን ማን አስጾመው?»

«አልችልበትም እኮ።»

«እነሱስ መቻል አለመቻልሽን ያውቃሉ?»

ሳቄ መጣ። ግን ልክ እዚያው ላይ ነበር የቆረቆረኝ። ማይክ ከትራምፔት ምን ያህል መራቅ እንዳለበት አውቃለሁ። የቤዝ ሆድ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚጮህ በጆሮዬ ፈልጌ አገኛለሁ። ስለነዚህ ግን ማንም አልጠየቀኝም። የተጠየቅኩት የማላውቀውን ነው፤ ያውም በመልኬ።

በሚቀጥለው ቀን ኦይቪንድ ትልቅ ነገር ታቅፎ ገባ። ጠዋት ግሮንላንድ ወደሚባለው የኦስሎ ሰፈር ሄዶ ገዝቶት ነው። ፊቱ በርቷል።

«ላንቺ!»

«ምንድን ነው?»

«ከበሮ ነዋ። የአፍሪካ።»

«ይኼ ጀምቤ ነው። የምዕራብ አፍሪካ ነው። እኔ የስዊዘርላንድ የተራራ መለከት ተሸክሜ መጥቼ ‹ያያትህ ነው፣ ንፋልን› ብልህስ?»

«እኔ እነፋዋለሁ» አለ ሚከል ከጓዳው በማይክ። ኦይቪንድ ጆሮው ቀላ። ዞር ስል ቱርዲስ ካፖርቷን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማለች። ሰምታለች። የፒያኖው ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

«እሺ» አለች። «ከበሮ ካልሆነ ምን ይሁን? ምን ትያለሽ?»

ረዳት አስተያየት የለውም። ኦይቪንድን አየሁት። ትከሻውን ሰበቀ። «አንቺን ነው የጠየቀችው።»

«ከጓዳ ውጡ» አልኩ። «ሁላችሁም አንድ ክፍል፣ ያለ ሄድፎን፣ እየተያያችሁ ተጫወቱ። ማይኮቹን እኔ ላቁም።»

«ድራሙ በዘፋኟ ማይክ ይገባል» አለ ኦይቪንድ።

«ይግባ።»

«አንድ ሰው ቢሳሳት መቁረጥ የለም። የሁሉም ድምፅ የሁሉም ማይክ ውስጥ ነው።»

«አውቃለሁ። ያስተማርከኝ አንተ ነህ።»

ቱርዲስ ጀምቤውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «ካልሆነስ? ከበሮውን ትመቻለሽ?»

አሰብኩ። «ካልሆነ እመታለሁ።»

ምንጣፎቹን ከየጓዳው አውጥቼ ትልቁ ክፍል ውስጥ አነጠፍኩ። ቱርዲስ መሃል፣ ቤዚስቱ ግራዋ፣ ትራምፔተኛው ጥግ፣ ሚከል ከኋላዋ፣ መድረክ ላይ እንደሚደረገው። ምልክቱን በፕላስተር አደረግኩ፣ ማይኮቹን አቆምኩ፣ ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ሮጬ የቀረጻውን ቁልፍ ተጫንኩ።

አስቀያሚ ነበር። ድራሙ ቱርዲስን ዋጣት፤ ቆርቆሮ ጣራ ሥር በዝናብ የምትዘፍን ነው የሚመስለው። ሲጨርሱ ሚከል ጀምቤውን በእግሩ ወደኔ ገፋ አደረገው። ማንም አልሳቀም። ሲኬየሙ ታየኝ።

ኦይቪንድ ተነስቶ ወደ ትልቁ ክፍል ገባ፤ ተከተልኩት። የቱርዲስን ማይክ በጣቱ መታ መታ አደረገና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ይኼ ማይክ የማይሰማው በየት በኩል ነው?»

«በጀርባው።»

«ጀርባው አሁን ወዴት ነው ያለው?»

ወደ ባዶ ግድግዳ ነበር። ፊቱ ደግሞ ወደ ቱርዲስ፤ ከቱርዲስ ኋላ ሚከል። ማይኩ ሁለቱንም እኩል ነው የሚሰማቸው። ድራሙን ከነምንጣፉ ጎትተን ፊት ለፊቷ፣ ከማይኩ ጀርባ አመጣነው። ኦይቪንድ የሱፍ ሹራቡን አውልቆ ትንሿ ድራም ላይ ጣል አደረገና በሸሚዝ ወደ መቆጣጠሪያው ተመለሰ።

አሁን ቱርዲስና ሚከል ፊት ለፊት ናቸው። ጀመሩ። የሷ ድምፅ ከፊት ቀረበ፤ ድራሙ ከሩቅ ሆነ፣ ጎረቤት ቤት እንደሚሠራ ሰው። ትራምፔተኛው ከፕላስተሩ ምልክት ወጥቶ ወደሷ መጠጋት ጀመረ። ልጮህበት ነበር። ኦይቪንድ እጄን ያዘ።

የመጨረሻው ግጥም ላይ ቱርዲስ ቃሉ ጠፋባት። በጓዳው ቢሆን ቆማ «ይቅርታ፣ እንደገና» ነበር የምትለው። እዚህ ግን ሚከልን ቀና ብላ አየችው፤ እሱም እጁን አነሳ። ድራሙ ቆመ። እሷ ያለ ቃል አንጎራጎረች፣ ቤዙ ብቻ ተከተላት። ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ራሳቸውን ነቅንቀው ተመለሱ፤ ሁሉም አብሯቸው ተመለሰ።

ለመስማት ወደኛ ገቡ። ቱርዲስ አንገቷን ደፍታ ሰማችው።

«ቃሉን ረስቼዋለሁ» አለች።

«ያ» አልኩ።

«ማስተካከል ይቻላል?»

«አይቻልም።»

ኦይቪንድ እንድገመው ሊል አፉን ሲከፍት እጇን አነሳች። «አትንኩት» አለች። «እንዲህ ነው የሚወጣው።»

ካፖርቷን ስትለብስ ወደኔ መጣች። «የከበሮው ነገር ሞኝነት ነበር።»

«ትንሽ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹንም ዘፈኖች እንዲሁ ሞከርናቸው። ሁሉም አልተሻሉም፤ ሲንት ያለባቸውን ጓዳው ይሻላቸዋል ብለን መልሰናቸዋል።

አልበሙ ሊታተም ሲል ኦይቪንድ ሽፋኑ ላይ የሚሰፍረውን አሳየኝ። ከታች፣ ቱርዲስ በደግነት ያስገባችው፦ «ልዩ ምስጋና ለሰናይት፣ ለኢትዮጵያዊ መንፈሷ።»

«ይኼ ይውጣ» አልኩ።

«ቅር ይላታል።»

«ደውልላት። ‹ጀልባው› ሥር ‹ቀረጻ፦ ኦይቪንድና ሰናይት› ተብሎ ይጻፍ። እሱን ነው የሠራሁት።»

እዚያው ደወለ። ስልኩ ውስጥ ስትስቅ ሰማኋት፤ ከዚያ «ትክክል ነች» አለች። ስልኩን ዘግቶ አረመውና፣ ወደ ስክሪኑ እያየ «ሰኞ በጠዋት ነይ፣ ፒያኖ የሚቃኘው ሰው ይመጣል» አለኝ።

«ፕሮቨቲዱስ?»

«የምን ፕሮቨቲድ?»

እማዬ ሲዲውን በመነጽሯ አገላብጣ አየችው። «ይኸው ስምሽ! ታዲያ መታሽው ማለት ነው?»

«አልመታሁም።»

«ምን አደረግሽ ታዲያ?»

«ማይክ አቆምኩ።»

«ማይክ ላቆመ ስም ይጻፋል?»

«ይጻፋል።»

ሲኬየም ወስዳ ለሽማግሌዎቹና ለአሮጊቶቹ ከፈተችላቸው። «አንዷ አሮጊት ብቻ ‹ዝጊው› አሉኝ» አለች።

ጀምቤው አሁንም መቆጣጠሪያው በር አጠገብ ነው፤ የተጠቀለሉ ገመዶች እንደረድርበታለን። አዲስ ረዳት ሲመጣ ገመድ የምሰጠው እኔ ነኝ። ከገመዱ ጋር አንድ ነገር እነግረዋለሁ፦ ሥራህ ምን እንደሆነ አንተ ካልተናገርክ ሌላ ሰው ይናገርልሃል፤ እሱ የሚናገረው ደግሞ ሌላ ሥራ ነው።

ገመዱንም በክርን አትጠቅልሉት።