ያለ ራኬት ሂጂ የተባለች ተጫዋች

ሐይቅ መናኸሪያ ልጄ ሚኒባሱ ላይ አንድ እግሯን እንዳሳረፈች፣ ዐረብ አገር የሚልካት ደላላ ራኬቷን ከትከሻዋ አውልቆ ለኔ ወረወረልኝ። «እትዬ፣ ይሄን ይዘው ይመለሱ፤ እዛ አያስፈልጋትም» አለኝ። ለባድሜንተን ነው የምወስዳት ያለን እኮ!

እኔ ፊደል ከመቁጠር አላለፍኩም። ከጨዋታውም የማውቀው፣ መረብ መኖሩን፣ ላባ የተሰካባት ኳስ መኖሯንና መሬት ያስነካ መሸነፉን ነው። ልጄ ግን ደሞዝ ተቆርጦላት ደሴ ላይ ለአንድ ክለብ ትጫወት ነበር። ክለቡ ሲፈርስ እቤት ተኮራምታ ቀረች። በዚህ መሀል ይሄ ሰውዬ ዐረብ አገር ክለብ አገኘሁላት ብሎ መጣ። ልትሄድ ስትል ዱዓ ስናስደርግ፣ ከሁላችን በላይ ጮኾ አሚን ያለው እሱ ነው። እኛ አገር ዱዓ ላይ ተቀምጦ አደራ የተቀበለ ሰው አይጠረጠርም። በዚያ አሚኑ ልጄን ሰጠሁት።

«አራሽ ሞፈሩን ጥሎ ይሄዳል?» አልኩት።

«አዲስ ይሰጧታል።»

«ምን? መጥረጊያ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ የልጅሽን እንጀራ አትዝጊ!»

ልጄም፣ «እማዬ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ» ብላ ተቆጣችኝ። ቢሆንም ዞር ብላ ጠየቀችው፤ «በነጠላ ነው በጥንድ የምጫወተው?»

«በቡድን ነዋ! አስራ አንድ ሆናችሁ!»

ሚኒባሱ ውስጥ አንዷ ሳቀች። የኔዋ አልሳቀችም፤ እግሯን ከሚኒባሱ መልሳ አወረደች። ሻንጣዋን ስትጎትት እሱ አልለቅ አለ።

«ወላሂ፣ ቤታችሁን አውቀዋለሁ! የትም አታመልጡኝም!»

ሻንጣውን ትተንለት ባጃጅ ውስጥ ገባን። ቤታችንንማ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ወደ አርዲቦ፣ ዱዓውን ወዳደረጉልን ሸህ ቤት ንዳ አልኩት ሹፌሩን። ሰውዬው በሞተር ተከተለን፤ ከአቧራው ውስጥ ስድቡ ይሰማኛል። ልጄ ራኬቱን እንደ ዱላ ጨብጣዋለች። እኔ «ያ ረብ፣ ያ ረብ» እላለሁ።

ሸሁ ጩኸታችንን ሰምተው ከዘራቸውን ይዘው ወጡ፤ ጎረቤቱም ከኋላቸው።

«አሚን ስትል ድምፅህ ያምር ነበር» አሉት። «በል ውረድና እዚሁ፣ ሰው ፊት ድገመው።»

አልወረደም። ምራቁን ተፍቶ ሞተሩን አዞረና ሄደ።

ሸሁ አስገብተው በሩን ከውስጥ ቀረቀሩልን። ልጄ የክለቡ ተስፋ ስለቀረባት ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች፤ ታኩርፈኝ። አልሀምዱሊላህ፣ እዚሁ አጠገቤ ናት። ተርፈናል።